ሰዓሊው ነጋዴ፦ አልብሬክት ዱረር ከጥበቡ እንዴት ኖረ?

ባለፈው ዓመት ሰዓሊ ጓደኛዬን በምክሬ አክስሬያታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዎቿን በትንንሹ በካርድና በፖስተር እያሳተመች በቴሌግራም ትሸጥ ነበር። ብዙ ባይሆንም የቤት ኪራይዋን ግማሽ ይሸፍንላታል። አንድ ቀን አንድ ባለሀብት ለአዲሱ ሕንፃው መግቢያ ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል እንድትሠራለት ጠየቃትና ደወለችልኝ። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ማንም ሳይሾመኝ የጓደኞቼ የገንዘብ አማካሪ ነኝ። የተባለውን ዋጋ ስሰማ ይህን ለማግኘት ስንት ሺህ ካርድ ልትሸጪ ነው ብዬ ገፋፋኋት። ውል አልተጻፈም፣ ቀብድም አልተከፈለም። ሁለት ወር ይፈጃል የተባለው ሥራ ሰባት ወር ፈጀ። በመሃል የቀለም ዋጋ ጨመረ፣ ሰውየውም ደጋግሞ አስቀየራት። በዚያ ሁሉ ጊዜ የካርዱ ሽያጭ ቆመ። በመጨረሻ ቁጭ ብለን ስናሰላው፣ ያገኘችው በካርዱ ብትቀጥል ኖሮ ከምታገኘው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ሰዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ እንዴት ነው የበሉት እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ ሳነብ አንድ ጀርመናዊ ላይ ቆምኩ፦ አልብሬክት ዱረር። ከሞተ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ሥዕሎቹን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አይታችኋቸዋል፤ ሁለት መዳፎች ለጸሎት ተገጣጥመው የሚታዩበት ሥዕል የእሱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሥዕሉ አይደለም። ሰውየው ደብዳቤዎቹ፣ የሽያጭ ውሎቹና የወጪ ማስታወሻው ተርፈውለታል። እንደ ሰዓሊ ብቻ ሳይሆን እንደ ነጋዴም ልናየው እንችላለን ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንጥረኛው ልጅ

ዱረር በ1471 ኑረምበርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከሃንጋሪ የመጡ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ወላጆቹ 18 ልጆች ወልደው ለአቅመ አዳም የደረሱት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ልጁ መጀመሪያ የተማረው የአባቱን ሙያ ነው፤ በብረት መሣሪያ ብረት ላይ መቅረጽን። በኋላ ሥዕል ልማር ሲል አባቱ ያ ሁሉ የተለማመደበት ጊዜ ባከነ ብለው አዘኑ። ይህ ንግግር እኛም ቤት የታወቀ ነው። ግን አልከለከሉትም፤ በ1486 ሚካኤል ቮልገሙት ለሚባል የከተማው ሰዓሊ አስረከቡት። እዚያ ለመጻሕፍት የሚሆኑ የእንጨት ቅርጾች እንዴት እንደሚሠሩ አየ።

ክርስትና አባቱ ደግሞ አንቶን ኮበርገር ነበር። ኮበርገር ወርቅ ሠሪነቱን ትቶ ወደ ኅትመት የገባ፣ በዘመኑ ከጀርመን ትልልቅ አሳታሚዎች አንዱ የሆነ ሰው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ያኔ ማተሚያ ማሽን ገና አዲስ ነገር ነው፣ ልክ ለእኛ ስማርትፎን እንደነበረው። ዱረር ያደገው በዚያ ቴክኖሎጂ ጓዳ ውስጥ ነው። አባቱ ባከነ ያሉት የብረት ቅርጽ ትምህርትም አልባከነም፤ መዳብ ላይ ቀርጾ ለማተም የሚያስፈልገው ያው ችሎታ ነው።

በ1494 አግነስ ፍራይ የምትባል ወጣት አገባ። የልጅቷ አባት 200 ፍሎሪን ሰጡ። ፍሎሪን የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ ነው። ወዲያው ወደ ጣሊያን አንድ ጉዞ አደረገና በ1495 ተመልሶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ኑረምበርግ ላይ ደግሞ አንድ ዕድል ነበረው። ከተማዋ የሙያ ማኅበራትን ስለከለከለች ሰዓሊ ለመሆን የማኅበር ፈቃድ አያስፈልግም ነበር። በኋላ ቬኒስ ሲሠራ ልዩነቱ ገብቶታል፤ የዚያ ሰዓሊዎች ሦስት ጊዜ ባለሥልጣን ፊት አቅርበውት ለማኅበራቸው አራት ፍሎሪን አስከፍለውታል።

አንድ ጊዜ መሥራት፣ ብዙ ጊዜ መሸጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚያን ዘመን ሰዓሊ ማለት ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መኳንንት ያዝዛሉ፣ እሱ ይሠራል። ትእዛዝ ካልመጣ ጦም ነው።

ዱረር ይህን ገለበጠው። በ1498 የዮሐንስ ራእይን በ15 ትልልቅ የእንጨት ቅርጾች ሠርቶ ራሱ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ማንም አላዘዘውም። ጊዜውን ደግሞ አስተውሉ፦ 1500 እየቀረበ ስለነበር ብዙ ሰው የዓለም ፍጻሜ ደርሷል ብሎ ይሰጋል። እኛ ስምንተኛው ሺ እንደምንለው ማለት ነው። ሰው የሚያወራውን ነገር፣ ሰው በሚያወራበት ሰዓት አቀረበለት። በአንድ ጊዜ በሁለት ቋንቋ ነው ያወጣው፤ በጀርመንኛ ለአገሩ ሕዝብ፣ በላቲን ደግሞ በመላው አውሮፓ ላሉ የተማሩ ሰዎች።

እዚህ ጋ የኢኮኖሚክስ መምህሮቼን ላስደስት። አንድ የእንጨት ሰሌዳ ለመቅረጽ ብዙ ድካም ይወጣል፤ ይህ ቋሚ ወጪ ነው። ሰሌዳው አንዴ ካለቀ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ቅጂ የሚወጣው የወረቀት፣ የቀለምና የማተሚያ ብቻ ነው። ብዙ በሸጥክ ቁጥር ያ የመጀመሪያ ወጪ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ለአንድ መስፍን የተሳለ ሥዕል አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ሰሌዳው ግን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ከዓመታት በኋላም ያበላል። በ1511 የዮሐንስ ራእይን ከሌሎች ሥራዎቹ ጋር እንደገና አሳትሞ ሸጧል፤ ሰሌዳዎቹ ያኔ 13 ዓመታቸው ነበር።

በ1515 ደግሞ አንድ አውራሪስ ከሕንድ ሊዝበን ገባ። አውሮፓ ውስጥ ከሮማውያን ዘመን ወዲህ አውራሪስ ያየ ሰው አልነበረም። ዱረር እንስሳውን በዓይኑ አላየውም። ከሊዝበን በደረሰው መግለጫና ንድፍ ብቻ ሥሎ፣ ቀርጾ፣ በዚያው ዓመት ለገበያ አወጣው። ሥዕሉ ስህተት አለበት፤ አውራሪሱ የብረት ጥሩር የለበሰ ይመስላል፣ ጀርባው ላይም የሌለ ትንሽ ቀንድ አለ። ሆኖም በሺዎች ተሸጠ፣ እሱ ከሞተ በኋላም እንደገና እየታተመ ኖረ። ፍጹም እስኪሆን ቢጠብቅ ኖሮ ወሬው ይበርድበት ነበር።

ሽያጩን ማን ሠራው?

የጥበብ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። መሥራት እንወዳለን፣ መሸጥ ያሳፍረናል።

ዱረር በ1497፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሥራውን የሚሸጥለት ሰው በውል ቀጠረ። በ1500 ሌላ ጨመረ፤ የዚህኛው ወንድም ዋስ ሆኖ ፈረመ። አዎ፣ ዋስ! የኛ አገር ቀጣሪ ብቻ የሚጠይቀው ይመስለኝ ነበር። ውሉና ዋሱ ግን ሁሉንም ስጋት አላስቀሩለትም። አንዱ ሠራተኛው ሒሳብ ሳያስረክበው ቀርቷል፤ ሌላው ሮም ላይ ሞቶበት ዕቃው እዚያው ጠፍቷል። ይህን ራሱ በማስታወሻው ውስጥ አስፍሮታል።

ከሁሉም በላይ የሸጠችለት ግን ሚስቱ አግነስ ነች። ዱረር ከ1505 እስከ 1507 ቬኒስ በቆየበት ጊዜ እሷ የፍራንክፈርት ባዛር ድረስ ሄዳ ኅትመቶቹን ትሸጥ ነበር። እናቱ ደግሞ ኑረምበርግ ገበያ ላይ ይሸጡ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች አግነስን ለረጅም ጊዜ ጨቅጫቃና ገንዘብ ወዳድ አድርገው ሲያሙ ኖረዋል። እኔ ሳነበው ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው፦ የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ። እሱ ቬኒስ ተቀምጦ በተበደረው ገንዘብ ሲኖር፣ እቤት ያለውን ገበያ የያዙት ሁለት ሴቶች ናቸው። ቤተሰብ የሚያግዛችሁ ካላችሁ ሥራቸው በሒሳብ ይግባ፤ ከፍላችሁ አካፍሏቸው።

ሁለት ፊደል

ዱረር ሥራዎቹ ላይ የስሙን ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት እያደረገ ያትም ነበር፤ ትልቁ ኤ እንደ በር ቆሞ ዲ ሥሩ ተቀምጣ። የቤተሰቡ ስም ራሱ ከበር ጋር የተያያዘ ነው። ይህች ምልክት በመላው አውሮፓ ታወቀች። እንደታወቀችም ተሰረቀች።

ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የሚባል ጣሊያናዊ ቀራጭ የዱረርን የማርያም ሕይወት የሚሉትን ተከታታይ ሥራ ምልክቱን ጭምር ገልብጦ ሸጠ። ጆርጆ ቫሳሪ የተባለው የሰዓሊዎች ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው ዱረር ለቬኒስ መንግሥት አቤት ብሎ ያገኘው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ሌላው ሰው ምልክቱን እንዳይጠቀም። ሥዕሉን መገልበጡ አልተከለከለም። በ1512 ደግሞ በራሱ ከተማ የኑረምበርግ ምክር ቤት የዱረርን ምልክት በሐሰት ለጥፎ የሚሸጥን አንድ እንግዳ ሰው ምልክቱን እንዲያጠፋ፣ እምቢ ካለ ዕቃው እንዲወረስ ወሰነ። እዚህም የተጠበቀው ስሙ ነው።

ዱረር ይህን ተረድቶ በ1511 ያሳተማቸው መጻሕፍት መጨረሻ ላይ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተጠበቁ መሆናቸውን ገልጾ ገልባጮችን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አስገባ። እኛ ዛሬ ከእሱ እንሻላለን። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው በተሠራበት ቅጽበት መብቱ የሠሪው ነው፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ግን ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ያስፈልጋል። ንድፋችሁን፣ ቀኑ ያለበትን ፋይልና የላካችሁትን መልእክት አትደምስሱ። ምልክታችሁንና የንግድ ስማችሁን ደግሞ ገና ሳይታወቅ አስመዝግቡ።

የያኮብ ሄለር ትእዛዝ

ይህን ክፍል ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ። የጓደኛዬ ታሪክ ነው።

ያኮብ ሄለር የፍራንክፈርት ሀብታም ነጋዴ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ትልቅ የመንበር ሥዕል ዱረርን አዘዘው። ዋጋው 130 ፍሎሪን ሆኖ ተስማሙ። ሥራው ሲጀመር ግን ዱረር ራሱን መግታት አቃተው። ደጋግሞ ቀለም ይደርባል፣ ውዱን ሰማያዊ ቀለም ይጠቀማል፣ ጥቃቅኑን ሁሉ ያሳምራል። በ1508 ለሄለር ጽፎ የተስማሙበት ዋጋ እንደማያዋጣውና ሥራው 200 ፍሎሪን እንደሚያወጣ ነገረው። ሄለር ተቆጣ፣ ቃሉን አጠፈ ብሎ ከሰሰው። ደብዳቤ ተመላለሰ። ዱረር እንዲያውም ካልፈለግከው ሌላ የሚገዛኝ አለ እስከማለት ደረሰ። በመጨረሻ በ1509 ሥዕሉ ተላከ፣ 200ውም ተከፈለ።

አሸነፈ? አላሸነፈም። በዚያው ዓመት ለሄለር በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ ያን ጊዜ በመዳብ ቅርጽ ሥራው ላይ ቢያውለው ኖሮ በ1,000 ፍሎሪን የበለጠ ሀብታም ይሆን እንደነበር አስልቶ አስቀምጧል። እኛ ክፍል ውስጥ የታጣ አማራጭ ዋጋ እያልን በሥዕላዊ መግለጫ የምንማረውን ነገር እሱ በእልህ ተማረው። ከዚያ በፊትም ቬኒስ ላይ ለጀርመን ነጋዴዎች ቤተ ክርስቲያን በ110 ፍሎሪን አንድ ትልቅ ሥዕል ሲሠራ፣ በእሱ ምክንያት ከ2,000 ዱካት በላይ የሚያወጣ ሥራ እንደመለሰ ለጓደኛው ለፒርክሃይመር ጽፎ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመታ ማለት ነው።

የሄለር ሥዕል መጨረሻው ያሳዝናል። በ1729 ሙኒክ ቤተ መንግሥት በተነሳ እሳት ዋናው ሥዕል ተቃጠለ። ዛሬ የምናውቀው ሌላ ሰዓሊ በገለበጠው ቅጂ ነው።

እኔ ለጓደኛዬ የነገርኳት ዋጋውን ብቻ ነበር። ስንት ወር? በእነዚያ ወራት ምን ይቆማል? ቀለም ቢወደድ ማን ይከፍላል? ስንት ጊዜ ማስተካከያ ይፈቀዳል? እነዚህን አንዱንም አልጠየቅኳትም። ትልቅ ሥራ አትቀበሉ እያልኩ አይደለም፤ ሄለርን ሳይመልሱ መልካም ስም አይገነባም። ግን ትልቁን ሥራ ስትቀበሉ ትንሹ ሱቃችሁ እንዳይዘጋ ዋጋው ውስጥ አስገቡት።

ቋሚ ደሞዝ የሚሉት ነገር

ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ዱረርን በብዙ ሥራ ቀጠሩት። ከ1515 ጀምሮም በዓመት 100 ፍሎሪን አበል ቆረጡለት፤ ገንዘቡ ኑረምበርግ ለንጉሡ ከምትከፍለው ግብር ይወጣል። ጥሩ ነው አይደል? በ1519 ንጉሡ ሞቱ። የከተማው ምክር ቤት አዲሱ ንጉሥ ካላጸደቀ አንከፍልም አለ።

ስለዚህ ዱረር በ1520 አግነስን ይዞ፣ ሻንጣውን በኅትመት ሞልቶ ወደ ኔዘርላንድስ ጉዞ ጀመረ። ኅትመቱ እንደ ገንዘብ ሆነለት። ገና ሲነሳ ለባምበርግ ጳጳስ ሥዕልና መጻሕፍት አበርክቶ ከቀረጥ ነፃ የሚያሳልፍ ደብዳቤ አገኘ፤ በወንዙ ላይ ባሉት ኬላዎች በዚያ ደብዳቤ አለፈ። አንዳንዱን ይሸጣል፣ አንዳንዱን በስጦታ ይሰጣል፣ አንዳንዱን በዕቃ ይለውጣል። ሁሉንም ይጽፋል። ለምግብ ያወጣውን፣ ለአሳላፊ የሰጠውን ጉርሻ፣ በቁማር የተበላውን ሳንቲም ሳይቀር!

አበሉ በመጨረሻ ጸደቀለት። ጉዞው በጥቅሉ ግን እንደከሰረበት ራሱ ደምድሟል። ኔዘርላንድስን ለምታስተዳድረው ለማክሲሚልያን ልጅ ለማርጋሬት ብዙ ሥራ አበርክቶ ምንም አላገኘም፤ የአባቷን ሥዕል እንኳ ስላልወደደችው በነጭ ጨርቅ ለወጠው። ዓሣ ነባሪ ወጥቷል ሲባል ለማየት ዚላንድ ድረስ ሄዶ ሳያየው ተመለሰ፤ በዚያ ጉዞ የያዘው ትኩሳትም እየተመላለሰ አሠቃየው። ነገር ግን መክሰሩን ያወቀው ስለጻፈ ነው። እኛ ስንቶቻችን ነን ባለፈው ወር ማትረፍ አለማትረፋችንን የምናውቀው?

የደብተሩ ድምር

በ1524 ለከተማው ምክር ቤት የጻፈው ደብዳቤ የሕይወቱ ሒሳብ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ከገዛ ከተማው ያገኘው ሥራ 500 ፍሎሪን እንኳ እንደማይሞላ፣ ገንዘቡ የመጣው ከውጭ እንደሆነ ገለጸ። ቬኒስ በዓመት 200 ዱካት፣ አንትወርፕ 300 ፍሎሪን ሊከፍሉት ጠይቀውት አገሩን መርጦ መቅረቱንም አስታወሰ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ፦ ያጠራቀመውን 1,000 ፍሎሪን ከተማው ወስዶ በዓመት 50 ፍሎሪን እንዲከፍለው ጠየቀ። አምስት በመቶ ወለድ ነው። ተፈቀደለት። እጁ የደከመ ቀን የሚበላውን አዘጋጀ ማለት ነው።

በ1528 በ56 ዓመቱ ሞተ። የተወው ንብረት ከ6,800 ፍሎሪን በላይ ተገመተ። አግነስ ሰሌዳዎቹን ይዛ እስከ ሞተችበት እስከ 1539 ድረስ ንግዱን ቀጠለች፤ የባሏን መጻሕፍት እያሳተመች፣ ሊገለብጡ የሞከሩትንም በምክር ቤት እያስቆመች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከምትሠሩት መሃል አንድ ጊዜ ተሠርቶ ብዙ ጊዜ የሚሸጥ ነገር ይኑራችሁ። ሁለተኛ፣ ውል በወረቀት፣ ቀብድ በቅድሚያ፤ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚፈቀድም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ስማችሁን እንደ ንብረት ጠብቁት። አራተኛ፣ ደንበኛችሁ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ንጉሥም ቢሆን ይሞታል። አምስተኛ፣ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ግዙ፤ ስልካችሁ ላይም ይሁን። የገባውንም የወጣውንም ጻፉ።

ጓደኛዬን በተመለከተ፣ ወደ ካርዷ ተመልሳለች። የጠፉ ደንበኞቿን ለመመለስ ወራት ፈጅቶባታል። ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰው ትልቅ ሥዕል አዘዛት። እኔን ሳትጠይቅ ግማሹን ቀብድ እንዲከፍል ነገረችው። ላስብበት ብሎ ሄደ፤ እስካሁን አልደወለም። ቆጭቶሽ እንደሆን ልጠይቃት ስደውል፣ ሠላሳ ካርድ እያሸገች ስለነበር ቶሎ ብዬ እንድዘጋ ነገረችኝ።